ብሪጅፖርት፦ ማን እንዳሸነፈ ዳኛውም አላወቁም

ዳኛ ዊልያም ክላርክ በብሪጅፖርት ከተማ የከንቲባ ዕጩ መለያ ምርጫ ላይ ኖቬምበር 1 ቀን 2023 የሰጡት ውሳኔ ብዙ ሰው እንዳወራው አይደለም። ከንቲባው አጭበርብረዋል አላሉም። ተፎካካሪያቸው አሸንፈዋል ብለውም አልፈረዱም። ያሉት፣ በአግባቡ ያልተያዘው የድምፅ ወረቀት ከመብዛቱ የተነሣ ትክክለኛውን ውጤት ፍርድ ቤቱ ሊያውቀው አይችልም ነው። ስለዚህ ይደገም አሉ። ይህ ፍርድ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ያለችውን ብሪጅፖርት በአምስት ወር ተኩል ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ምርጫ ጣቢያ አመላልሷታል። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትም ድሮም የነበሩበት ሰው ናቸው። (እዚህ ያሉት ቀኖች የአውሮፓውያን ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።)

ብሪጅፖርት በኮኔቲከት በሕዝብ ብዛት አንደኛ ናት፤ 148,000 ገደማ ሰው ይኖርባታል። በየቤታችን ጥግ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ የኖረው የሲንጀር ስፌት መኪና ፋብሪካ ከነበረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ታዋቂው የሰርከስ ባለቤት ፒ. ቲ. ባርነም በ1875 ከንቲባዋ ነበር፤ ሰርከሱ ከማዘጋጃ ቤቱ ጨርሶ ወጥቷል ለማለት ያስቸግራል። በ2010 የገዢነት ምርጫ ዕለት የድምፅ መስጫ ወረቀት አለቀባቸው። ለከተማው መራጭ ያሳተሙት 21,000 ብቻ ነበር፤ የጎደለውን ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ነው ያሟሉት። ዳኛ አዝዞ አሥራ ሁለት ጣቢያዎች ሁለት ሰዓት ተጨምሮላቸው አምሽተው ዋሉ።

ከንቲባው ጆ ጋኒም ራሳቸው ታሪክ ናቸው። መጀመሪያ በ1991 ተመረጡ። በ2003 በሙስና በአሥራ ስድስት የፌዴራል ክሶች ጥፋተኛ ተብለው ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ከእስር ወጥተው በ2015 ያንኑ ወንበር መልሰው አሸነፉ። ይህን የምጠቅሰው በ2023ቱ ጉዳይ ጥፋተኛ ናቸው ለማለት አይደለም፤ በምርጫው ምክንያት እሳቸው ላይ የተመሠረተ ክስ የለም፣ ከድርጊቱም ጋር ግንኙነት የለኝም ብለዋል። የምጠቅሰው ሰውየው በዚያች ከተማ ምን ያህል ሥር የሰደደ ድርጅት እንዳላቸው እንዲታወቅ ነው። እስር ቤት ገብቶ የወጣን ሰው መልሶ ከንቲባ የሚያደርግ መዋቅር በአንድ የፍርድ ቤት ወረቀት አይፈርስም።

ከተማዋ የዴሞክራቶች ናት። ስለዚህ ዋናው ግጥሚያ ኖቬምበር ላይ ሳይሆን ሴፕቴምበር ላይ፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ፕራይመሪ ነው የሚያልቀው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋኒም 4,212 ድምፅ፣ ቀድሞ በሳቸው አስተዳደር ውስጥ የሠሩት ጆን ጎምስ 3,961 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 251 ነው። ውጤቱ ሲዘረዘር ግን ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች የተካሄዱ ይመስል ነበር። ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ከመረጠው ሰው መካከል ጎምስ በ515 ድምፅ ይመሩ ነበር። በፖስታ ከመጣው ድምፅ ደግሞ ጋኒም 1,545፣ ጎምስ 779 አገኙ። በአካል የተሸነፈ ዕጩ በፖስታ አሸነፈ ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም። በሽተኛውን፣ አዛውንቱን፣ ከከተማ ውጭ ያለውን መራጭ አስቀድሞ የሚያደራጅ ዘመቻ በፖስታ ድምፅ ሊበልጥ ይችላል፤ ሥራው ያ ነውና። ግን ብሪጅፖርት ይህን ፊልም አይታዋለች። በ2019ም የግዛቷ ሴናተር ማሪሊን ሙር በአካል በተሰጠው ድምፅ እየመሩ፣ የፖስታው ሲደመር በጋኒም በ270 ድምፅ ተሸንፈዋል። ያኔም ደጋፊዎቻቸው ፍርድ ቤት ሄደዋል። አልተሳካላቸውም፤ የቀረበው ማስረጃ ምርጫ ለማስደገም አይበቃም ተባለ።

በ2019 እና በ2023 መካከል የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራ። ከኮቪድ ወዲህ የፖስታ ድምፅ የሚጣልባቸው ሣጥኖች በየመንግሥት ሕንፃው ደጅ ቆመዋል፤ ሕንፃዎቹ ደግሞ የጥበቃ ካሜራ አላቸው። ከፕራይመሪው በኋላ በነበረው ቅዳሜ የጎምስ ዘመቻ አንድ ቪዲዮ አሰራጨ። ሴፕቴምበር 5፣ ገና ሳይነጋ፣ ማርጋሬት ሞርተን በሚባለው የመንግሥት ሕንፃ ደጅ አንዲት ሴት ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብላ ወረቀት ስትጨምር ይታያል። ግለሰቧ የዴሞክራቲክ ፓርቲው የከተማ ኮሚቴ ምክትል ሊቀመንበርና የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ መሆኗ ተገለጸ። ጎምስ ከሰሱ። በክሱ ሂደት የወጣው ምስል ደግሞ ከመጀመሪያው ቪዲዮ በጣም የበዛ ነበር፤ እሷም ሌላ አንዲት ሴትም በተለያዩ ቀናት፣ በተለያዩ ሣጥኖች ደጋግመው ታዩ። ሁለቱም ችሎት ቆመው ሲጠየቁ ራስን ያለመወንጀል መብታቸውን ጠቅሰው ዝም አሉ።

አሁን ሕጉ ምን ይላል? በዚያን ጊዜው የኮኔቲከት ሕግ በፖስታ መምረጥ የሚፈቀደው በምክንያት ነበር፤ ሕመም፣ አካል ጉዳት፣ ከከተማ ውጭ መሆን፣ ሃይማኖት፣ የውትድርና አገልግሎት፣ የምርጫ ሥራ። የማመልከቻ ቅጹን ማንም ሰው ለሰፈሩ ሊያድል ይችላል፣ በርከት ካደረገ መመዝገብ አለበት። የተሞላውን የድምፅ ወረቀት ግን ማንም ተነሥቶ ሰብስቦ ሊወስድ አይችልም። መራጩ ራሱ ይልካል ወይም ይጥላል፤ ካልቻለ የቤተሰብ አባል፣ የሚንከባከበው ሰው፣ ወይም ሕጉ በስም የዘረዘራቸው ጥቂት ሰዎች ይወስዱለታል። ቅጹን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ካድሬ፣ ይህን ቃል እያወቅሁ ነው የተጠቀምሁት፣ ወረቀቱ ሲሞላ አጠገብ እንዳይቆም፣ ሲታሸግም እንዳይረከብ ነው የሕጉ ሐሳብ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ከአንድ የአሠራር ባሕርይ ነው። የፖስታ ድምፅ ሁለት ፖስታ አለው። የውስጠኛው ላይ መራጩ ይፈርማል፣ በውጨኛው ይላካል። ቆጠራው ሲደርስ ፊርማው ያለበት ፖስታ ተከፍቶ ወረቀቱ ይወጣና ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ወረቀት የማን እንደሆነ በምድር ላይ የሚያውቅ የለም፤ የድምፅ ምስጢርነት ማለት ይኸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የድምፅ መስጫ ወረቀት የያዘው ግን ምልክቱን ብቻ ነው፤ ማን እጅ ላይ እንደሞላ፣ ማን አጠገቡ እንደቆመ፣ ማን ተሸክሞት እንደመጣ አይናገርም። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ይህን የሚጠብቀው መጋረጃው፣ ታዛቢው፣ ሣጥኑ በሰው ዓይን ሥር መሆኑ ነው። በፖስታ ሲሆን መጋረጃም ታዛቢም የለም፤ የሚቀረው “ማን ተሸከመው” የሚለው ሕግ ብቻ ነው። ያ ከተጣሰ ሌላ የሚጠብቅ ነገር የለም።

ዳኛውን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ቪዲዮው ሰው ወረቀት ሲጥል ያሳያል። በወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት የማን ፈቃድ እንደሆነ አያሳይም። ምናልባት አብዛኛው መራጭ ጋኒምን ከልቡ መርጦ “እስቲ አንቺ አድርሽልኝ” ብሎ ሰጥቶ ይሆናል። ምናልባት ባዶ ወረቀት ተሰብስቦ ሌላ ቦታ ተሞልቶ ይሆናል። ከቪዲዮው ይህን መለየት አይቻልም፣ የተቀላቀለውን ወረቀትም መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ከሳሽ ታዲያ ምን ማስረዳት አለበት? ቢያንስ 251 ሰው አምጥቶ “ድምፄ ተሰርቋል” ማሰኘት ቢጠበቅበት ኖሮ አንድም ክስ በዓለም ላይ አይረታም ነበር። የኮኔቲከት ፍርድ ቤቶች ለዓመታት የተጠቀሙበት መለኪያ ሁለት እግር አለው፤ አንደኛ ጉልህ የሕግ ጥሰት መኖሩን፣ ሁለተኛ በዚህ ምክንያት የውጤቱ ተአማኒነት በከባዱ የሚያጠራጥር መሆኑን ማሳየት። ውጤቱ ሐሰት መሆኑን አይደለም፤ ማጠራጠሩን ነው። መለኪያው ቀላል አይደለም፤ የ2019ኞቹ ወድቀውበታል። ከሣጥኖቹ የወጣው ፖስታ ብዛትና በካሜራው ፖስታ ሲጥሉ የታዩት ሰዎች ብዛት አለመመጣጠኑ ግን ለ251 ልዩነት ከበቂ በላይ ነበር። ዳኛ ክላርክ ምስሉ ፍርድ ቤቱን እንዳስደነገጠና ሁሉንም ወገን ሊያስደነግጥ እንደሚገባ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ የተበላሸው የፖስታው ድምፅ ከሆነ እሱን ጥሎ የቀረውን መቁጠር ነው እንጂ ሕዝቡን ምን አንገላታው? ይህንን ያደረገ ፍርድ ቤት አለ። በ1997 የማያሚ ከተማ ከንቲባ ምርጫ በፖስታ ድምፅ ማጭበርበር ተበክሎ ተገኘ። የመጀመሪያው ዳኛ ይደገም አሉ። በማርች 1998 የፍሎሪዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ በፖስታ የመጣውን ድምፅ ሁሉ ጣለና በአካል በተሰጠው ድምፅ የመሩትን ጆ ካሮሎን በዛቪየር ሱዋሬዝ ቦታ አስቀመጠ። ፈጣን ነው፤ ሁለተኛ ዘመቻ የለም፣ ሁለተኛ ወጪ የለም፣ አጥፊው ወገን ከጥፋቱ አያተርፍም። ጦሱ ደግሞ አልጋ ላይ ሆና በትክክል የመረጠችው አሮጊት ላይ ይወድቃል፤ ምንም ሳታጠፋ ድምፅዋ ከአጭበርባሪው ድምፅ ጋር ቅርጫት ይገባል። የማያሚው ፍርድ ቤት ለዚህ መልሱ፣ በፖስታ መምረጥ በሕግ የተፈቀደ ምቾት እንጂ እንደ መምረጡ ራሱ ያለ መብት አይደለም የሚል ነበር። በብሪጅፖርት ያ መንገድ ቢመረጥ ጎምስ በ515 ድምፅ ዕጩ ይሆኑ ነበር። ዳኛ ክላርክ መድገሙን መረጡ። እኔም ብሆን እሱን እመርጥ ነበር፤ ግን ዋጋው ምን እንደሆነ ቀጥሎ የሆነው ያሳያል።

በመጀመሪያ ግራ መጋባት መጣ። ውሳኔው ሲሰጥ ለኖቬምበር 7 ጠቅላላ ምርጫ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ወረቀቱ ታትሟል፣ በፖስታ የመረጠ ሰውም አለ፣ በዚያው ወረቀት ላይ የምክር ቤትና ሌሎች ወንበሮች አሉ። ስለዚህ አልተሰረዘም። የብሪጅፖርት ሰው፣ ዕጩው በትክክል ያልተለየበትን የከንቲባ ምርጫ ሊመርጥ ወጣ። ጎምስ በሌላ ትንሽ ፓርቲ ስም ወረቀቱ ላይ ነበሩ። ጋኒም ከ200 ባነሰ ድምፅ በለጡ፤ ማንም ግን እንኳን ደስ አለዎት ሊላቸው አልቻለም፣ ፕራይመሪው ሲደገም ይህም መደገሙ ነውና። እዚያ ቀን ወረፋ የቆመ ሰው ምን አስቦ እንደቆመ መገመት ይቸግራል።

ድጋሚው ፕራይመሪ ጃንዋሪ 23 ቀን 2024 ተካሄደ፣ ድጋሚው ጠቅላላ ምርጫ ፌብሩዋሪ 27። ግዛቷ ታዛቢ መድባለች፣ ጋዜጠኛው ሣጥን ሥር አድሯል ማለት ይቻላል። ጋኒም ሁለቱንም አሸነፉ። በመጀመሪያ በ251 የተገኘው የፕራይመሪ ድል በድጋሚው ሰፊ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ሲወሰድ አነባለሁ። የጋኒም ደጋፊ፦ ይኸው፣ መጀመሪያም ሕዝቡ እሱን ነው የመረጠው፣ ሁከቱ ለምንም ነበር ይላል። ተቃዋሚው፦ ይኸው፣ ያው የጋኒም መዋቅር ሠራ ይላል። ሁለቱም ድጋሚ ምርጫን እንደ ድጋሚ ቆጠራ ነው የሚያዩት። ድጋሚ ምርጫ የመጀመሪያውን ውጤት አያረጋግጥም፣ አያፈርስምም፤ በሌላ ወር፣ በሌላ ብርድ፣ በሌላ ድካም የሚካሄድ ሌላ ምርጫ ነው። በጃንዋሪ ብርድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ለአንድ ወንበር ሲባል ከቤት የሚወጣው ማን ነው? የተደራጀው ሰው ነው። ደውሎ የሚቀሰቅሰው፣ መኪና የሚልክለት፣ ስሙን በዝርዝር የያዘ ወገን ያለው። ሴፕቴምበር ላይ ተናድዶ የወጣው “ለውጥ ይምጣ” ባይ ንዴቱን አራት ወር ማቆየት አለበት። በሥልጣን ላይ ያለው ሰው ደግሞ በነዚያ አራት ወራትም ከንቲባ ነው፤ በረዶ ያስጠርጋል፣ ሪባን ይቆርጣል፣ ሰው ይቀጥራል።

የብሪጅፖርት ብቻ አይደለም። ኒው ጀርሲ ውስጥ ፓተርሰን በሜይ 2020፣ በኮቪድ ምክንያት ሙሉ በሙሉ በፖስታ በተካሄደ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ፣ ከመጣው ድምፅ 19 ከመቶ ያህሉ ውድቅ ሆነ። በጎረቤት ከተማ አንድ የፖስታ ሣጥን ውስጥ በመቶ የሚቆጠር የፓተርሰን ድምፅ ታጭቆ ተገኘ፤ በግዛቷ ሕግ አንድ ሰው ለሌሎች ሊወስድ የሚችለው ከሦስት አይበልጥም። የሦስተኛው ቀጣና አሸናፊ የተባሉት አሌክስ ሜንዴዝ በጁን ተከሰሱ፣ ክሱን ክደዋል። ዳኛ በኦገስት ምርጫው እንዲደገም አዘዙ። በኖቬምበር ሲደገም ሜንዴዝ ክሱ በላያቸው እያለ ያንኑ ተፎካካሪ እንደገና አሸነፉ። ለንደን ውስጥ ታወር ሃምሌትስ ይለያል፤ በ2015 የምርጫ ፍርድ ቤት የሉትፉር ራህማንን ከንቲባነት ሲሽር ለአምስት ዓመት እንዳይወዳደሩም አገደ፣ ስለዚህ ድጋሚውን ሌላ ሰው አሸነፈ። እገዳው ሲያልቅ በ2022 ተመልሰው ተመረጡ።

እኛም ድጋሚ ምርጫ ሲባል ጆሯችን የሚቆመው በምክንያት ነው። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በ31 የምርጫ ክልሎች እንዲደገም ታዞ ነሐሴ 15 ሲደገም ገዢው ፓርቲ ጠራርጎ ወሰደው። ግንቦት ላይ በቡግና ተሸንፈው የነበሩት የማስታወቂያ ሚኒስትሩ በረከት ስምዖን በነሐሴው አሸነፉ። የዚያን ክረምት አዲስ አበባና የብሪጅፖርትን ጃንዋሪ አንድ ናቸው ማለት ስድብ ይሆናል፤ እዚያ ሰው ሞቶ ነበር፣ እዚህ ሰው የሰለቸው ብቻ ነው። የአሠራሩ ሎጂክ ግን ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያው ዙር ሳይታሰብ ይመጣል፣ ሁለተኛውን መዋቅር ያለው ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

አሜሪካ ለሚኖር የኛ ሰው ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ሌላ የሚቀርበው ጎን አለ። እናት ወይም አባት ዜግነት ወስደው የፖስታ ድምፅ ቤት ሲመጣ ማነው የሚያነበው? ልጅ ነው። “እማዬ፣ ይኼ ለከንቲባ ነው፣ ይኼ ለትምህርት ቦርድ ነው፤” እያለ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እናትም ብዙ ጊዜ “አንተ ያልከውን አድርገው” ትላለች። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት መራጭ በራሱ ምርጫ ረዳት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የተከለከሉት አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ናቸው። ልጅ እናቱን ሊረዳ ይችላል ማለት ነው። ረዳት ግን የሷን ምርጫ ያሰፍራል እንጂ የራሱን አይመርጥላትም። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን ማን ይወስደዋል የሚለው በየግዛቱ ይለያያል። የቤተሰብ አባል መሆን በኮኔቲከት ያስወስዳል፤ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የአምስት አረጋውያንን ፖስታ በቅንነት ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ መጨመር ግን እዚያው ኮኔቲከት ያስከስሳል። በካሜራው የታየው ድርጊትና ይህ ቅንነት ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ምስል ናቸው፤ ማኅበረሰባችን በሚበዛባቸው ከተሞች ይህን የሚያስረዳ ሰው አለመብዛቱ ያሳስበኛል።

ብሪጅፖርት በሌላ መንገድም ተጎድታለች። ያ ቪዲዮ በወጣ በሰዓታት ውስጥ የ2020ው የፕሬዚዳንት ምርጫ ተሰርቋል ለሚሉት ሁሉ መፈክር ሆነ። አንዲት ከተማ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ድምፅ በሚወሰን ፕራይመሪ የሚሠራ ተንኮል፣ በሚሊዮን በሚለካ ልዩነት ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። እንዲያውም የሚሠራው ትንሽ ቦታ ስለሆነ ነው፤ ከ8,200 ያነሰ ሰው በመረጠበት ግጥሚያ ጥቂት መቶ ፖስታ ወንበር ያስገኛል። የአካባቢ ምርጫ አይረባም ብሎ ቤቱ የሚቀረው ሰው የዚያን ጥቂት መቶ ፖስታ ዋጋ ይጨምረዋል።

ግዛቷ ከዚያ ወዲህ በሣጥኖቹ ላይ ካሜራ ግዴታ እንዲሆን ሕግ አውጥታለች። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የኮኔቲከት ሕዝብ ሕግ አውጪው ያለምንም ምክንያት በፖስታ መምረጥን እንዲፈቅድ የሚያስችል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቋል፤ የፖስታ ድምፅ ይበዛል እንጂ አያንስም ማለት ነው። የወንጀሉ ጉዳይ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። በ2019ኙ ፕራይመሪ ላይ የቀረበውን አቤቱታ የምርጫ ሕግ አስፈጻሚ ኮሚሽኑ መርምሮ ወደ ዓቃቤ ሕግ የመራው በ2023 ነው፤ አራት ሰዎች የተከሰሱት በጁን 2024። በ2023ቱ ፕራይመሪ ጉዳይ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 የከተማ ምክር ቤት አባላት ያሉበት ሌላ ክስ መጣ፤ ተከሳሾቹ በጊዜው ክሱን አልተቀበሉም። ከ2019ኙ ድርጊት እስከ መጀመሪያው ክስ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ የከንቲባ የሥልጣን ዘመን ሙሉ ተጀምሮ አልቋል።